ከውጭ ያለ ሁሉ «መናፍቅ» ነውን? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«መናፍቅ» ስለሚለው ቃል የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው ሰንብቷል። ጸሐፊው ከሐዋርያት የወረስነውን እምነት ለመጠበቅ ያላቸው ቅናት እውነተኛ መሆኑን አልጠራጠርም። እኔም በዚያው እምነት የተጠመቅሁ ነኝ፤ የኒቅያን፣ የቁስጥንጥንያንና የኤፌሶንን ጉባኤዎች እቀበላለሁ፣ የኬልቄዶንን ጉባኤ አልቀበልም። ስለዚህ ክርክሬ ከአንድ ቤት ሰው ጋር ነው። ሆኖም ጽሑፉ አባቶቻችን በብዙ ጥንቃቄ የለዩትን ደባልቆታል፤ ለፍርድ የተሰጠውንም ከባድ ቃል የዕለት ስድብ አድርጎታል። ዝም ማለት ያልቻልሁት በዚህ ምክንያት ነው።

አስቀድሜ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ ላቅርብ። ቃሉ በግእዝ «ከፈለ» ከሚል ሥር የመጣ ስለሆነ ከእምነቱ ከፊሉን ብቻ የያዘ ሁሉ መናፍቅ ነው ይላሉ። ሐዋርያት ይህን ስም ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ላሉ ሁሉ ሰጥተዋል፤ በአባቶችም ዘንድ በመናፍቅ፣ በከሃዲና በተገንጣይ መካከል ልዩነት የለም ይላሉ። በስሕተት ትምህርት ውስጥ ተወልዶ ያደገም ትምህርቱን ካመነጨው ሰው ጋር እኩል እንደሆነ ይናገራሉ። ቤተ ክርስቲያናችን በታሪኳ ይህን ስም ለማይገባው ሰጥታ ስለማታውቅ ማንኛውም ምእመን ሳያመነታ ሊጠቀምበት ይገባል ካሉ በኋላ፣ ሁለተኛውን የዮሐንስ መልእክት ጠቅሰው እንዲህ ለተባለ ሰው የእግዚአብሔር ሰላምታ እንኳ አይገባውም በማለት ይደመድማሉ።

ከቃሉ ሥር ልጀምር። «ነፈቀ» ማለት ከፈለ፣ ለሁለት ለየ ማለት መሆኑ ልክ ነው። የዓመት ግማሽ «መንፈቅ»፣ የሌሊት እኩሌታም «መንፈቀ ሌሊት» የሚባለው ከዚሁ ነው። ነገር ግን «መናፍቅ» የወጣው «ናፈቀ» ከሚለው የግእዝ ግስ ሲሆን ትርጉሙም ተጠራጠረ፣ በልቡ ተከፈለ፣ ሁለት ሐሳብ ሆነ ነው። የተከፈለው የሰውየው ልብ ነው፤ የተማረው ትምህርት መጠን አይደለም። በዐረብኛ «ሙናፊቅ» ግብዝ ማለት ነው፤ ብዙ የቋንቋ ሊቃውንትም ይህ ቃል ከግእዝ የተወሰደ ነው ይላሉ። በዚያም ቢሆን ስሙ የሚነካው ከውስጥ ቆሞ ልቡ ሌላ ዘንድ ያለውን ሰው ነው። «ከፊሉን ብቻ የያዘ» የሚለው መለኪያ ከጸና ደግሞ ማን ይተርፋል? ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሉ የሚደግም፣ ምሥጢረ ሥጋዌን ግን እንደ ሊቃውንቱ ማብራራት የማይችል ምእመን በየደብሩ አለ። የእስክንድርያው አጵሎስ የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ እያወቀ በኤፌሶን ምኵራብ ያስተምር ነበር። ጵርስቅላና አቂላ በሰሙት ጊዜ ወደ ቤታቸው ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ በትክክል ገለጡለት እንጂ ስም አላወጡለትም። በኋላ በአካይያ ምእመናንን እጅግ የጠቀመው ይህ ያልተሟላ ሰው ነው።

ስለ ሐዋርያት የተባለውን ለመመርመር ጸሐፊው ራሳቸው የጠቀሷቸውን ስፍራዎች ማንበብ ብቻ ይበቃል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 24 ጠርጠሉስ የተባለው ጠበቃ በአገረ ገዢው በፊልክስ ፊት አንድን ሰው «የመናፍቃን የናዝራውያን ወገን» መሪ ነው ብሎ ይከስሳል። ተከሳሹ ቅዱስ ጳውሎስ ነው። ጳውሎስም ስሙን በስም አልመለሰም። እነርሱ ኑፋቄ ብለው በሚጠሩት መንገድ የአባቶቹን አምላክ እንደሚያመልክ፣ በሕግና በነቢያት የተጻፈውን ሁሉ እንደሚያምን መሰከረ። ክሱን በትምህርት ፈታው ማለት ነው። ይኸው የግሪክ ቃል «ሄሬሲስ» በዚያው መጽሐፍ ለሰዱቃውያንና ለፈሪሳውያንም ተነግሯል፤ አማርኛው «ወገን» ብሎ ተርጉሞታል። ምርጫ፣ የተመረጠ የትምህርት መንገድ ማለት ነበርና።

ወደ መልእክታቱ ስንመጣ ቃሉ የክስ መልክ ይይዛል፤ የሚመለከተው ግን ከማን ጋር ያለውን ነው? ለገላትያ ሰዎች «መናፍቅነት» ከጥል፣ ከአድመኛነትና ከምቀኝነት ጋር ከሥጋ ሥራዎች አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል፤ ማስጠንቀቂያው ለተጠመቁት ነው። ለቲቶ የተጻፈው መለያየትን የሚያነሣውን ሰው አንድ ጊዜም ሁለት ጊዜም ገሥጸው ይላል፤ መገሠጽ የሚቻለው በእረኛው ሥልጣን ሥር ያለ ሰው ነው። ጴጥሮስ የሚያጠፋ ኑፋቄን አሹልከው የሚያገቡት ሐሰተኞች አስተማሪዎች የሚነሡት «በእናንተ መካከል» ነው ይላል። በውጭ ስላሉት ግን ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች «በውጭ ባሉቱ ላይ መፍረድ ምን አግዶኝ?» ብሎ ጽፏል። ሐዋርያው በግልጽ ያልወሰደውን ሥልጣን ጸሐፊው ለእያንዳንዱ አንባቢ ማደላቸው አስደንግጦኛል።

ሦስተኛው ነጥብ የጽሑፉ ምሰሶ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። አስቀድሜ ለጸሐፊው የሚገባቸውን ልስጥ። ቃሉን እጅግ ያሰፉ አባቶች አሉ። የቆጵሮሱ ኤጲፋንዮስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ሰማንያ ኑፋቄዎችን ዘርዝሮ ሲጽፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበሩትን የግሪክ ፈላስፎች፣ ሳምራውያንንና የአይሁድን ወገኖች ሳይቀር አስገብቷል። ጸሐፊው ኤጲፋንዮስን መጥቀሳቸው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ እርሱ የጻፈው የትምህርቶች ዝርዝር ነው፤ ቃሉንም በቀድሞው ሰፊ ትርጉሙ፣ «የትምህርት ወገን» በሚለው ተጠቅሞበታል። ስቶይኮች ከሐዋርያት እምነት ወጡ ሊል አልፈለገም፤ ያልገቡበት ቤት ነውና። አንድን ሰው ምን ብለን እንቀበለው፣ በምን ሥርዓትስ እንመልሰው የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ግን አባቶች የጻፉት ሌላ ዓይነት ጽሑፍ ነው፤ የዚያም ዋና ምስክር ባስልዮስ ዘቂሳርያ ነው።

ባስልዮስ ለኢቆንዮኑ ኤጲስ ቆጶስ ለአምፊሎክዮስ በጻፈው፣ በኋላም እንደ ቀኖና በተቆጠረው መልእክት፣ የቀደሙት አባቶች ሦስት ነገር እንደለዩ ይናገራል። ኑፋቄ የሚባለው በእምነቱ በራሱ፣ በእግዚአብሔር ላይ ባለው እምነት ፈጽሞ መቆረጥ ነው፤ ምሳሌዎቹም የማኒ፣ የቫለንቲኖስና የማርቅዮን ተከታዮች ናቸው። መገንጠል የሚባለው በቤተ ክርስቲያን አስተዳደርና ሊፈታ በሚችል ጥያቄ ምክንያት መለያየት ነው። ሦስተኛው ደግሞ የተሻረ ካህን ወይም ኤጲስ ቆጶስ ፍርዱን አልቀበልም ብሎ ለብቻው የሚሰበስበው ሕገ ወጥ ጉባኤ ነው። ባስልዮስ ለሦስቱ ሦስት ስም፣ ለየስሙም የተለየ አቀባበል ይሰጣል። «ልዩነት የላቸውም» የሚለውን አሳብ ጸሐፊው ከየት እንዳገኙት ባውቅ ደስ ይለኛል፤ ከባስልዮስ ግን አላገኙትም።

ይህ የአንድ አባት የግል አስተያየት እንዳይመስል የኒቅያን ቀኖናዎች እንመልከት። በ325 ዓ.ም. የተሰበሰቡት አባቶች በ8ኛው ቀኖና ራሳቸውን «ንጹሐን» ብለው የሚጠሩት የኖባጥያኖስ ተከታዮች ሲመለሱ እጅ ተጭኖባቸው እንዲቀበሏቸው፣ ካህናቱም በክህነታቸው እንዲቆዩ አዘዙ። በ19ኛው ቀኖና ግን የሳምሳጢው ጳውሎስ ተከታዮች እንደገና እንዲጠመቁ ወሰኑ። ለምን ይህ ልዩነት? የኖባጥያኖስ ወገኖች በሥላሴ እምነታቸው አልተነቀፉም፤ የተለዩት በስደት ጊዜ የወደቁትን በንስሐ አንቀበልም ብለው ነው። የሳምሳጢው ጳውሎስ ግን የወልድን አምላክነት የሚነካ ትምህርት አስተምሯል። ሁለቱም ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ነበሩ። አባቶች «ውጭ ናቸው» ብለው አላቆሙም፤ ምን ያህል፣ በምን ምክንያት፣ ከየትኛው እውነት ርቀው እንደሆነ መዘኑ።

ክህደትም ሌላ ነገር ነው። ንጉሡ ዑልያኖስ ከ361 እስከ 363 ዓ.ም. ሲነግሥ ክርስቶስን ጥሎ ወደ አማልክት ተመለሰ፤ ይህ ከሃዲ ነው። አርዮስ ግን ክርስቶስን አልጣለም፤ ስሙን እየጠራ ፍጡር አደረገው፤ ይህ መናፍቅ ነው። በስደት ጊዜ ፈርተው ለጣዖት የሠዉት ደግሞ ወድቀዋል፤ የተለየ ትምህርት ግን አላስተማሩም። ኒቅያ በ11ኛው ቀኖናዋ በሮማዊው ንጉሥ በሊኪንዮስ ዘመን ሳይገደዱ የካዱትን እንኳ ዓመታት በሚወስድ የንስሐ ሥርዓት እንዲመለሱ ወሰነች፤ ከሚሰሙት ጋር፣ ከዚያም ከሚሰግዱት ጋር፣ ከዚያም በጸሎት ብቻ ከምእመናን ጋር እየቆሙ። ሦስቱን በአንድ ስም ጠርቶ አንድ ዓይነት ፊት የሚያሳይ ሰው ይህን ሥርዓት ምን ሊያደርግበት ነው?

ስለ መነሻ አስተማሪውና በትምህርቱ ውስጥ ስለተወለደው ሰው እኩልነት የተባለው አሳዝኖኛል። አውግስጢኖስ በሰሜን አፍሪካ ከቤተ ክርስቲያን ተገንጥለው ዶናቱስን ለተከተሉ ሰዎች በጻፈው መልእክት፣ የስሕተት አሳባቸውን በእልከኝነት የማይከላከሉ፣ ይልቁንም በድፍረታቸው ያላመነጩትና ከተሳሳቱ ወላጆች የወረሱት፣ እውነትን በጥንቃቄ የሚፈልጉና ሲያገኟት ለመታረም የተዘጋጁ ሰዎች ከመናፍቃን እንዳይቆጠሩ ጽፏል። ጸሐፊው «እርሱ የምዕራብ አባት ነው» ሊሉኝ ይችላሉ። እንግዲያውስ የእኛውን የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳስ ቄርሎስን እንይ። ንስጥሮስ የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ የነበረ፣ መጻሕፍትን የሚያውቅ፣ ክርስቶስን ለሁለት የሚከፍለውን ስሕተቱን ራሱ ከመንበሩ ያስተማረ ሰው ነበር። ሆኖም ቄርሎስ ደጋግሞ ጻፈለት፤ አስረዳው፤ እንዲመለስ ቀን ተሰጠው። በ431 ዓ.ም. በኤፌሶን ጉባኤው ሲሰበሰብም ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ሦስት ጊዜ ተጠርቷል። ለሊቀ ጳጳሱ ይህ ሁሉ ትዕግሥት ከተደረገ፣ ከአባቱና ከእናቱ የተማረውን ብቻ ለሚያውቅ፣ የእኛን ትምህርት ከእኛ አፍ ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ያለ አንዲት ምክር ስሙ የሚሰጠው በየትኛው ሥርዓት ነው?

ጸሐፊው «ይህን ስም ለማይገባው ሰጥተን አናውቅም» ያሉት ታሪካችንን በደንብ ካለማየት የመጣ ይመስለኛል። አርዮስን፣ የመንፈስ ቅዱስን አምላክነት የካደውን መቅዶንዮስንና ንስጥሮስን በተመለከተ ከእሳቸው ጋር አንድ ቃል ነኝ። ነገር ግን በ14ኛው ክፍለ ዘመን ቀዳሚት ሰንበት እንደ እሑድ ትከበር ያሉት አባ ኤዎስጣቴዎስና ደቀ መዛሙርታቸው ምን ደረሰባቸው? አባ ኤዎስጣቴዎስ ከአገር ወጥተው በአርመን አገር አረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ለረጅም ዘመን ተወግዘው፣ ከክህነት ታግደው፣ እንደ ጠማማ ተቆጥረው ኖሩ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ግን ሁለቱ ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። ዛሬ ቅዳሜን የምናከብር ሁሉ ትናንት የተገፉት ሰዎች የተከራከሩለትን እንጠብቃለን፤ መስከረም 18 ቀንም የኤዎስጣቴዎስን በዓል እናከብራለን። በዚያ ዘመን እኛ ብንኖር የጸሐፊውን ምክር ይዘን በእነዚህ መነኮሳት ላይ ሳናመነታ እንጮኽ ነበር።

ከዚህ የሚበልጥ ምስክር ደግሞ በራሳችን ላይ የደረሰው ነው። ከ451 ዓ.ም. የኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ የሮምና የቁስጥንጥንያ ወገኖች እኛን የአውጣኪ ተከታዮች አድርገው ጻፉ፤ ሥጋ በመለኮት ተውጦ ጠፋ የሚል ትምህርት እንዳለን ለብዙ መቶ ዓመታት በየመጽሐፋቸው አስተማሩ። እኛ ግን አውጣኪን እናወግዛለን። ያለ መለየት፣ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ የሆነውን ተዋሕዶ ነው የምናምነው። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አባታችን ዲዮስቆሮስ ራሱ በኬልቄዶን የተሻረው በሃይማኖት ምክንያት እንዳልነበረ በዚያው ጉባኤ የቁስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳስ አናቶልዮስ ተናግሯል። ያላስተማርነውን ትምህርት በስማችን ለጥፈው ሲጠሩን ምን ያህል እንዳመመን እናውቃለን። ነገሩ እንደገና መታየት የጀመረው የእኛና ኬልቄዶንን የሚቀበሉ የኦርቶዶክስ ሊቃውንት ፊት ለፊት ተቀምጠው «በእርግጥ ምን ታምናላችሁ?» ብለው በተጠያየቁ ጊዜ ነው። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኦርሁስ፣ በብሪስቶል፣ በጄኔቭ፣ በ1971ም በአዲስ አበባ ተነጋገሩ፤ በአዲስ አበባው ውይይት የውግዘት መነሣት ጉዳይ ራሱ ተመክሮበታል። በ1990 በስዊዘርላንድ በሻምቤዚ የወጣው የጋራ መግለጫ ሁለቱም ወገኖች በተለያየ አነጋገር አንዱን እምነት እንደጠበቁ ገለጸ። መግለጫው በየአብያተ ክርስቲያናቱ ሙሉ ተቀባይነት አላገኘም፤ እኔም ሁሉ ነገር ተፈታ አልልም። ነገር ግን ለራሳችን እንዲደረግልን የምንፈልገውን፣ «ሳትፈርዱብን በፊት የምናምነውን ጠይቁን» የምንለውን ለሌላው እንዴት እንነፍጋለን?

«ማንኛውም ምእመን ሳያመነታ ይጠቀምበት» ለሚለውም መልሱ በኒቅያው ውግዘት ውስጥ ይገኛል። አባቶች የእምነት ቃሉን ከጻፉ በኋላ ያወገዙት «ያልነበረበት ጊዜ ነበር»፣ «ሳይወለድ አልነበረም»፣ «ከምንም ተፈጠረ» የሚሉትን ነው። አስቀድሞ የተጠቀሰው አነጋገሩ ነው፤ ሰውየው የሚወገዘው ያን አነጋገር አልተውም ሲል ነው። ምእመን የሆነ ሁሉ ይህን የመጀመሪያውን ክፍል ማድረግ ይችላል፤ ይገባዋልም። ዛሬ አንድ ሰው ወልድ ፍጡር ነው ብሎ ቢያስተምር፣ ይህ አርዮስ ያስተማረው ነው፣ ስሕተትም ነው ማለት ሐቀኝነት ነው። በዚህ ላይ ጸሐፊውን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፤ ቃሉ የፍቅር ጉድለት ነውና ከመዝገበ ቃላት ይሰረዝ የሚሉትንም እንደ እሳቸው እቃወማለሁ። ኑፋቄ አለ፤ ሰውንም ይጎዳል። ሁለተኛው ክፍል፣ ማለትም «እገሌ መናፍቅ ነው» ብሎ ሰውን መለየት ግን የጉባኤ ሥራ ነው። ጥሪ አለው፣ ምስክር አለው፣ መልስ የመስጫ ጊዜ አለው። በመንገድ ላይ፣ በሠርግ ቤትና በሥራ ቦታ የሚወረወረው ስም ከእነዚህ አንዱም የለውም።

በመጨረሻ ስለ ሰላምታ። ዮሐንስ በሁለተኛው መልእክቱ ይህን ትምህርት የማያመጣውን በቤታችሁ አትቀበሉት፣ ሰላምም አትበሉት ማለቱ እውነት ነው። ጸሐፊው ግን ከጥቂት ቁጥሮች በፊት ያለውን አላነበቡልንም። እዚያ የተጠቀሱት ኢየሱስ ክርስቶስ በሥጋ እንደመጣ የማያምኑ፣ ብዙዎችን እያሳቱ ወደ ዓለም የወጡ አሳቾች ናቸው። በዚያ ዘመን ቤተ ክርስቲያን የምትሰበሰበው በቤት ነበር፤ ከአገር ወደ አገር እየዞረ የሚያስተምርን ሰው በቤት መቀበል መድረክና ስንቅ መስጠት ነበር። ዮሐንስ የከለከለው ይህን ነው። ጎረቤቱ ሲሞትበት እንዳያጽናናው፣ አብሮት የሚሠራውን ሰው በማለዳ «እንደምን አደርህ» እንዳይለው አላዘዘም። ጌታ ራሱ በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ከሳምራዊቷ ሴት ውኃ ለምኗል፤ «ለማታውቁት ትሰግዳላችሁ» ብሎ ስሕተቷንም ነግሯታል። ሁለቱ በአንድ ንግግር ውስጥ ተደርገዋል።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የከፈቱት ለቅዱሳን አንድ ጊዜ ስለ ተሰጠ ሃይማኖት መጋደልን በሚያዝዘው በይሁዳ መልእክት ነው። መልእክቱ አንድ ምዕራፍ ብቻ ናት፤ እስከ መጨረሻዋ ቢያነቡልን ይሁዳ የሚከራከሩትን እንዲወቅሱ፣ ሌሎችን ከእሳት ነጥቀው እንዲያድኑ፣ ሌሎችን ደግሞ በፍርሃት እንዲምሩ ሲያዝዝ ባገኙት ነበር። ሦስት ዓይነት ሰው፣ ሦስት ዓይነት አያያዝ። በጽሑፋቸው መጨረሻ ባሰፈሩት ረጅም የስም ዝርዝር ውስጥ የትኛው ከየትኛው እንደሆነ፣ እያንዳንዱም የትኛውን ትምህርት እንደሚያስተምር ለይተው ቢጽፉልን፣ በእያንዳንዱ ላይ ከእሳቸው ጋር ለመነጋገር ዝግጁ ነኝ።